ባዶውን የመለስኩት የቤት ጫማ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ያኔ ከልጄ ጋር የምንኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ከኛ ሰው ሱቆች ጀርባ ነበር። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የጣድኩትን ድስት እንኳ እረሳለሁ። ይህንን ግን አልረሳውም። በዕድሜዬ እንግዳ ከደጄ የመለስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የፈረንጁን ፊደል ግን አላውቀውም። ስለዚህ ልጄ ሰናይት አድራሻችንንና ስልኳን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታኛለች። ቦርሳዬን አንድ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ስለረሳሁት ወረቀቱን የማስቀምጠው ጫማዬ ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር ነበር። ቦርሳ ይረሳል፣ ጫማውን የሚረሳ ማን አለ ብዬ።

እግሬ አርፎ መቀመጥ አይወድም። ከመንዝ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ካርቱም፣ ከካርቱም እዚህ ያመጣኝ እሱ ነው። ሰናይት ጎህ ሲቀድ ለሥራ ትወጣና ዘጠኝ ተኩል ላይ ትመለሳለች። መሃል ያለው ቀን የእኔና የግድግዳው ነው። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ጠፍቻለሁ። በሁለተኛው ያመጣኝ ፖሊስ ነው።

ፖሊስ ያመጣኝ ቀን ሰናይት አለቀሰች። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ከጠፋሽ በቃ፣ ቫን ናይስ ሙቭ እናደርጋለን። እነ አልማዝ አጠገብ። እኔ ሥራ ስሆን እነሱ ያዩሻል» አለችኝ። አልማዝ የአክስቷ ልጅ ናት። ቫን ናይስን አውቀዋለሁ። መኪና ለሌለው ሰው አገር አይደለም። ፌርፋክስ ላይ ስወጣ ቢያንስ «እትዬ በላይነሽ፣ እንዴት አደሩ?» የሚለኝ አለ። ያንን ካጣሁ ምን ቀረኝ?

በፍልሰታ አገር ቤት በየቀኑ ይቀደሳል። እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በመኪና ካልሆነ አይደረስም፤ ሰናይት የምትወስደኝ እሑድ ብቻ ነው። ይህ የምነግራችሁ ቀን ረቡዕ ነበር። ጥግ ድረስ ብቻ ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ፌርፋክስን ይዤ ወደ ላይ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ከቤቶቹ በላይ መስቀል አየሁ። እሱን እያየሁ ታጠፍኩ፣ ደግሞ ታጠፍኩ።

ጉልላቱ እንደኛ አይደለም። ቀይ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፣ ሆዱ ሰፊ፣ ጫፉ ሹል። መስቀሉ ሦስት አግዳሚ አለው፤ የታችኛው ዘመም ብሏል። ነፋስ ያጣመመው መስሎኝ «የሚያቃናው ወንድ ጠፋ?» አልኩ በልቤ።

ደጃፉን ተሳለምኩ። በሩ አጠገብ የታሰሩ ፌስታሎች ተደርድረዋል። እንደ ወጋችን ጫማዬን አወለቅኩና አስተካክዬ ከነሱ ጎን አስቀምጬ ገባሁ።

ውስጡ ሰው የለም። ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የሥዕል ግድግዳ ነው። መሃሉ ላይ በር አለ፤ ከበሩ ኋላ መጋረጃ። መቅደሱ ከዚያ ወዲያ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። በጎን በኩል እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ፊቷ እንደኔ ጠይም ነው። በሥዕሉ ራስ ላይ ቀይ ጥልፍ ያለው ፎጣ በሁለት በኩል ተንዠርግጓል። እኛ ሥዕል በመጋረጃ እንሸፍናለን፤ እነሱ ነጠላ ያለብሱታል ለካ! ተንበርክኬ ውዳሴ ማርያሜን ደገምኩ።

ቀና ስል አንዲት አሮጊት መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። የእኔ እኩያ ትሆናለች። ባዶ እግሬን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ኢንዲያ?» አለችኝ።

«ኢትዮጵያ።»

«አ! ኤፊዮፒያ!»

«ዩ ሩስያ?» አልኳት።

ጣቷን አወዛወዘችብኝ። «ኖ ሩስያ። ኡክራይና!» ሁለተኛ እንዳትደግሚያት ማለቷ ነው።

ስሟን ስትነግረኝ «ህሊና» ያለች መሰለኝ። ሃሊና ኖሯል። እኔ ግን ህሊና እንዳልኳት ቀረሁ፤ እሷም አቤት አለችበት።

የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር ዳቦ አይገዛም። ቢሆንም ብዙ አወራን። ሥዕሏን እያሳየሁ ጉንጬን ነካሁ፤ እንደኔ ናት ለማለት። እሷ ኖ፣ ኖ አለችና ከሽርጧ ኪስ ጥጥ አወጣች፤ እንትፍ አለችበትና እጇን ወደ ሥዕሉ ዘረጋች። ዘልዬ ያዝኳት። «በስመ አብ! እመቤቴ ላይ ምራቅ?» እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ።

እጄን ይዛ ጓዳ ወዳለው ግድግዳ ወሰደችኝ። ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አንዱ ላይ እሷው በልጅነቷ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳለች፤ ከፊቷ የማርያም ሥዕል አለ፤ ግማሽ ጉንጩ ጥላሸት፣ ግማሹ እንደ ስንዴ የሚያበራ። በአገሯ ሥራዋ ይህ ነበር፤ ድሮ የተሳሉ ሥዕሎችን ማጽዳት። የሻማ ጭስና የቆየ ቅባት ያጠቆረውን፣ ቀለሙን ሳትነካ፣ በምራቅ ቀስ አድርጋ ታነሳለች። እኛስ ሽማግሌ የሚመርቀን እንትፍ ብሎ አይደል? አፈርኩ።

ሌላው ፎቶ ኮረብታ ላይ ያለ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጣሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት በእንጨት ተደራርቧል። «ፓፓ፣ ፓፓ» አለች። አባቷ አናጢ ነበር። ምስማር ሲመታ አሳየችኝና እጇን አወዛወዘች፤ አንድ ምስማር የለበትም ማለቷ ነው። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ቸርች ክሎዝ። ፖቴቶ፣ ፖቴቶ።» ቤተ ክርስቲያኑን ዘግተው የድንች መጋዘን አድርገውት ነበር፤ ያች ፎቶው ላይ ያለችው ማርያም የወጣችው ከድንች ሥር ነው። ይህ ሊገባኝ ቋንቋ አላስፈለገኝም። እኔም እግዜር የለም የተባለበትን ዘመን አይቻለሁ።

በመጨረሻ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ይዤ የዘመመውን አግዳሚ ላቃናላት ሞከርኩ። እጄን ያዘች። ቀኝ እጇን ወደ ላይ፣ ግራዋን ወደ ታች አደረገች። «ጉድ ማን፣» ወደ ሰማይ። «ባድ ማን፣» ወደ ምድር። እጆቿን ተራ በተራ አየሁ። ከዚያ በራልኝ። ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱ ወንበዴዎች! «ፈያታዊ ዘየማን!» ብዬ ጮህኩ። «አቤቱ በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አልኩ በአማርኛ። እሷ በራሷ ቋንቋ ስትከተለኝ ያው ቃል መሆኑን አወቅኩ። ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ከተግባባሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር።

ሰዓት ሳይ ስምንት አልፏል። ወጣሁ። ጫማዬ የለም። ፌስታሎቹም የሉም።

ሃሊና ግንባሯን መታች። «ካር። ፑር ፒፕል።» ለድሀ የተሰበሰበ ልብስ ኖሯል፤ መኪና መጥቶ ጭኖታል፤ ጫማዬን ከነሱ ጋር። ጫማውስ ጫማ ነው፤ ወረቀቱ! ቤቴ፣ የልጄ ስልክ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። በስንት መታጠፊያ እንደመጣሁ አላውቅም። ሰናይት ልትመጣ ነው።

ሃሊና ከጓዳ የቤት ጫማ አመጣችልኝ፤ ግራጫ፣ ውስጡ የበግ ፀጉር፣ ላዩ ላይ ቀይ አበባ የተጠለፈበት። ጎንበስ ብላ ራሷ አጠለቀችልኝ። «ኤፊዮፒያ ስትሪት?» አለችና ክንዴን ያዘች።

አንድ እግሯን ትጎትታለች። በዚያ ፀሐይ እየቆመች፣ እያለከለከች፣ ሱቆቻችን ጋ አደረሰችኝ። ጋሼ ተፈራ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። «እትዬ በላይነሽ! በዚህ ሐሩር በግ ተጫሙ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

ደረጃችን ሥር ደረስን። ሰናይት ገና ናት። ሃሊና ላቧን በመሐረብ ጠረገች፤ በራችንን ቀና ብላ አየች፤ ቆመች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። የኔ እናት ብትሆን ጎትታ ታስገባት ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ቫን ናይስን ነው። ሰናይት ይህችን ሴት ካየች «ከየት አገኘሻት?» ትላለች፤ መጥፋቴ ይወጣል። «ኦኬ፣ ታንክ ዩ፣ ባይ ባይ» አልኳትና በእጄ አየሩን ገፋሁ። ውሃ እንኳ አላልኳትም።

ገባት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰገድ አለችልኝና ሄደች። በመጋረጃ ተከልዬ አየኋት፤ አጥሩን እየተደገፈች ነው የሄደችው።

ሰናይት እንደገባች እግሬን አየች። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ጫማሽስ?»

«ጫማዬ ተበጠሰ፣ ጣልኩት። ይሄን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አልኩ።

ጎንበስ ብላ ጫማውን አየችው። ማታ ስልክ ስታወራ ግን ሰማኋት። «አልማዝ፣ እማዬ ከመንገድ ዕቃ መልቀም ጀምራለች። ሶ፣ ከዚህ በኋላ ብቻዋን ልተዋት አልችልም።» መጥፋቴን ደብቄ ማበዴን ነገርኳት ማለት ነው። በሁለተኛው ወር ቫን ናይስ ገባን።

ልንሄድ ስንል፣ ሰናይት ሥራ ላይ ሳለች፣ የሽንኩርቱን ጉልላት እያየሁ ተመልሼ ሄድኩ። ከበሩ ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጫማዬ ተቀምጧል። ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ጎን ለጎን ሆኖ። ከየት አስመልሳ እንዳመጣችው እንጃ። ገበሩን ገልጬ አየሁ፤ ወረቀቴ አለ። ሃሊና ግን የለችም። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ሰዓቱ ሲደርስብኝ የቤት ጫማዋን በጫማዬ ቦታ አስተካክዬ አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ፍሪዌይ ላይ፣ ዕቃችን መሃል ተቀምጬ፣ የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ቆሎም ቢሆን ጣል ይደረግበታል። ባዶውን ከመለስሽ በቃን፣ ከእንግዲህ አንፈላለግም ማለት ነው። እኔ ባዶውን መለስኩላት። መጀመሪያ እሷን ከደጄ፣ ቀጥሎ ጫማዋን ባዶውን።

አሁን ለሰናይት ሁሉን ነግሬያታለሁ። «እማዬ፣ ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ አብረን ምሳ እንበላ ነበር» አለችኝ። ይኸው እሱ ነው የሚቆጨኝ። ከደህናው ነጠላዬ ላይ ጥለቱን ቆርጬ ለሃሊና ማርያም ማልበሻ ሰፍቻለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ሰናይት «ሳንዴይ እወስድሻለሁ» ትላለች። እሑድ ሲመጣ ሥራ ይጠሯታል።

ቀን ላይ ብቻዬን ስሆን አንዳንዴ በሩ የተንኳኳ ይመስለኛል። ተነስቼ እከፍታለሁ። ማንም የለም። ቢሆንም በሩን ትንሽ ይዤ እቆይና «ግቢ» እላለሁ።