ለእጄ የምትሆን ሰንጢ

የአባቴ ሰንጢ የተሰበረችው በክረምት፣ ከበቆጂ ገብስ ጭነን ስንመለስ ነው። ነገሩ የሆነው በአምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ አሰላ ገበያ ላይ እህል በቁና እየሰፈሩ የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ገበሬው ዘንድ ወርዳ በጆንያ የምትገዛ፣ በአጋሰስ አስጭና አሰላ ድረስ የምታመጣ፣ ለመኪና ነጋዴዎች የምታስረክብ ሴት ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር ደረቴ ትንሽ ይነፋል፤ ይነፋ።

ንግዱን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ወንድሞቼ መሬቱን መረጡ፤ እኔ ገበያውን መረጥኩ። አባቴ አላህ ይማረውና፣ ሲሞት ከንግዱ ጋር ሰንጢውንም ለእኔ ተወልኝ። ጣሊያን ሲወጣ ከአንድ መካኒክ የገዛት ሰንጢ ነበረች፤ ስለቷ በመሳል ብዛት ቀጥናለች። እህል ነጋዴ ያለ ሰንጢ አይሆንም። የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ሲባጎ የምንፈታው በእሷ ነው። እህሉን የምንመረምረውም በእሷ ነው፦ አንድ ፍሬ ገብስ አውራ ጣት ጥፍር ላይ አስቀምጦ በስለት መጫን። የደረቀ ፍሬ «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ እርጥቡ ከስለቱ ስር ይላሽቃል። እርጥብ የገዛ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ሻጋታ ነው የሚያገኘው።

ያን ቀን ሁለት አጋሰስ ነበረን። ፈረሶቹ የእኔ አይደሉም፤ የሚያከራዩኝ አንድ የበቆጂ አርሶ አደር ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸውም አብረውኝ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያለው ወንዝ በመሄጃችን ስንሻገረው ጉልበት አይደርስም ነበር። ከላይ ዘንቦ ኖሮ ስንመለስ ደፍርሶ ሞልቶ አገኘነው። የፊተኛው ፈረስ ተሻገረ። የኋለኛው መሃል ላይ ሲደርስ አዳለጠውና ወደቀ። ጭነቱ ዞሮ ሆዱ ስር ገባ፤ ጆንያው ውሃ ሲጠጣ ከበደና ፈረሱን ወደ ታች ይጎትተው ጀመር። ሽማግሌው ልጓሙን ይዘው የፈረሱን አፍንጫ ከውሃ በላይ ለማቆየት ይታገላሉ፤ ልጓሙን ቢለቁ ፈረሱ ያልቅለታል።

«ኩቲ!» ብለው ጮሁ በኦሮምኛ። «ኢንታላ፣ ኩቲ!» ልጄ፣ ቁረጪ ማለታቸው ነው።

ቀሚሴን እንኳ ሳልሰበስብ ገባሁ። ጭነቱ የታሰረበት መጫኛ የቆዳ ነው፤ ቆዳ በውሃ ሲርስ ቋጠሮው በእጅ አይፈታም። በእጄ ዳስሼ አገኘሁትና ሰንጢዋን ከስሩ አሾልኬ ወደ ላይ መገዝገዝ ጀመርኩ። ሊበጠስ ትንሽ ሲቀረው ፈረሱ ተወራጨ። መጫኛውም ተበጠሰ፣ ሰንጢዋም ተሰበረች፤ የትኛው እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጆንያዎቹ እየተገለባበጡ ከውሃው ጋር ሄዱ። ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ ተነስቶ ቆመ።

ዳር ላይ ስንወጣ እጄ ውስጥ የቀረው እጀታው ብቻ ነበር። ሽማግሌው የፈረሱን አንገት እያሻሹ አዩኝ።

«የአባትሽ ነበረች፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አባትሽ ቢያይሽ እህሉንም ሰንጢውንም አይጠይቅሽም ነበር» አሉኝ።

ያቺ ንግግር እስከ አሰላ ድረስ አሞቀችኝ። ቤት ስደርስ ግን የእጀታውን ባዶነት እያየሁ አለቀስኩ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። በዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሰፋል። ዝምተኛና ደግ ሰው ነው። ስለ ሰንጢዋ አንድ ቃል ሳይናገር ጨርቅ ሊገዛ ናዝሬት በወረደበት ሳምንት አዲስ ሰንጢ ይዞልኝ መጣ። እጀታዋ ነጭ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሯት ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይመላለስባታል። እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር ከዚያ በፊት በእጄ ይዤ አላውቅም። «ለአንቺ ነው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ወደ ብርሃን እያዞርኩ አየኋት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የአንድ ጆንያ ሲባጎ ስቆርጥ ሰንጢዋ ታጠፈችና ጣቴ ላይ ተዘጋች። ሞላዋ ደካማ ነበር፤ ስለቱን ከጀርባው ትንሽ ሲገፉት ይታጠፋል። ደሜ ስንዴው ላይ ተንጠባጠበ። ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ ጠምጥሜ ቀኑን ዋልኩ፤ ለባሌም አልነገርኩትም። ያን የመሰለ ስጦታ አምጥቶ «ጣቴን ቆረጠኝ» እንዴት ይባላል?

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ግን አዩኝ። ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ የሁሩታ ሰው ናቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲናገሩ ከብት የሚጠሩ የሚመስሉ። እንደ አገራችን ወግ «አዴ»፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው። ከተጋባን ጀምሮ ሰንጢ መያዜን አይወዱትም ነበር፤ «ሰንጢ የወንድ ነው፣ የሴት ወገብ ላይ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር። ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ጣትሽን ምን ነካው?»

«ሰንጢው ታጠፈብኝ፣ አዴ።»

«ልጄ ያመጣልሽ?»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ልጄ ጨርቅ ያውቃል፤ ሰንጢ አያውቅም» አሉ። «ነገ አብረን ሄደን ሌላ እንገዛለን።»

«እርስዎ ሰንጢ የወንድ ነው ይሉኝ አልነበር?»

«እሱ ጣትሽ ሳይቆረጥ ነው» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ሄድን። ሱቁ የአንድ ከጉራጌ አገር የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ ከምስማር እስከ ፋኖስ የማይሸጠው የለም። ሰንጢ እንደምንፈልግ ስንነግረው የወጥ ቤት ቢላዎች አወጣና ደረደረልን።

«ለሽንኩርት አይደለም» አሉት አማቴ። «የምትታጠፍ፣ ኪስ የምትገባ። ለእሷ ነው፤ እህል ነጋዴ ናት።»

ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ የመስታወቱን ሳጥን ከፍቶ ሰንጢዎቹን አወጣ። የመጀመሪያዋ እጀታዋ ቀይ፣ ቀጭን፣ የምታምር ናት። ስለቷን ከፍቼ ጀርባዋን ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር ጫንኩት፤ ታጠፈች። መለስኩለት። ሁለተኛዋ ትልቅ ናት፤ ከጎንና ከጎኗ ማንኪያ፣ ሹካ፣ መቀስ፣ ወስፌ የመሰለ ነገር ይወጣላታል። አማቴ ዓይናቸው በራ።

«ይህን ሁሉ በአንድ ዋጋ!» አሉ። አንዱን ጠማማ ብረት ይዘው «ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ባለሱቁ አንገቱን አከከ። «እሱ… የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ መንቀያ ነው፣ እማማ።»

አማቴ እጃቸውን ከእሳት ላይ እንደሚያነሱ አነሱት። ቢሆንም ልባቸው አልተመለሰም። «ቡሹን ትተወዋለች፤ ሌላው ይጠቅማታል። ይህችን ውሰጂ» አሉኝ።

በእጄ መዘንኳት። ከበደችኝ፤ እጄ ውስጥም አልተቀመጠችም፣ በየጎኑ የሚወጣው ብረት መዳፌን ይቆረቁረኛል። አማቴን በሰው ፊት ተቃውሜ አላውቅም። ነገር ግን ያ ወንዝ ትዝ አለኝ፤ እጄ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ዓይኔ ሳያይ፣ ጣቶቼ ብቻ ሲፈልጉ።

«አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «የምይዛት እኔ ነኝ። ይህች ለእጄ አትሆንም።»

አማቴ ሰንጢዋን ከእጄ ወሰዱ፤ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። ፊታቸውን ወደ ባለሱቁ አዞሩና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «ሰማህ? የምትይዛት እሷ ናት። ሌላ የለህም?» አሉት።

«አንዲት አለች፤ ግን ማንም አልፈለጋትም» አለና ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ስር አንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎተተ። ከውስጡ ጥቁር የቀንድ እጀታ ያላት አጭር ሰንጢ አወጣ። ስለቷ ላይ ዝገት አለ። ልከፍታት ስሞክር እምቢ አለች፤ በጥፍሬ አጥብቄ ስስባት «ጠቅ» ብላ ተከፈተች። ጀርባዋን ባንኮኒው ላይ ጫንኳት፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ለሴት እጅ ትጠነክራለች» አለ ባለሱቁ።

«እስቲ ውሃ ስጠኝ» አልኩት።

ግራ ገብቶት በጣሳ አመጣልኝ። ሁለት እጄን ነክሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዘጋኋት፣ ከፈትኳት፣ ደግሜ ዘጋኋት። ቀንዱ በእርጥብ እጅ አያዳልጥም። እጄ ውስጥ የገባችው ሁልጊዜም እዚያ የነበረች ያህል ነው። ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣኋትን ገብስ ፈትቼ አንዷን ፍሬ ጥፍሬ ላይ አስቀመጥኩና ጫንኩ። አልተከፈለችም፤ ስለቱ ዶልዱሟል። ባለሱቁ «አላልኳችሁም?» እንደማለት ፈገግ አለ።

ከሱቁ ደጃፍ ላይ ለስላሳ የድንጋይ ደረጃ ነበር። እዚያው ቁጭ አልኩና ውሃ ጠብ እያደረግሁ መሳል ጀመርኩ፤ አባቴ እንዳስተማረኝ፣ ስለቱን አስተኝቶ፣ ሳይቸኩሉ። መንገደኛው መቆም ጀመረ። ሴት በአደባባይ ተቀምጣ ሰንጢ ስትስል ማየት ለእነሱም አዲስ ነው። አንዱ በኦሮምኛ ቀልድ ወረወረ፤ አማቴ በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር መለሱለትና ሁሉም ሳቁ፤ ቀልደኛው ብቻ አልሳቀም። እኔ ቀና ሳልል ሳልኩ። ዝገቱ ለቀቀ፤ ከስሩ ደህና፣ ጠንካራ ብረት ወጣ።

ሌላ ፍሬ አስቀመጥኩና ጫንኩ። ቀጭ!

አማቴ ሁለቱን ግማሾች ከጥፍሬ ላይ አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ለቆመው ሰው ሁሉ እየዞሩ አሳዩ፣ ልክ የወርቅ ጥሎሽ እንደሚያሳዩ። «ተመልከቱ፣ እንደ ምላጭ ነው የከፈለችው! የእኔ ልጅ ናት» ይላሉ። ምራቴ አላሉም፤ ልጄ አሉ። ባለሱቁም እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። አማቴ በዋጋው ሲከራከሩ ዝገቱን ሁሉ ቆጠሩበት፤ የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ከራሴ ንግድ ባገኘሁት። እከፍላለሁ ሲሉኝም አልፈቀድኩላቸውም።

የቀረኝ ባሌ ነበር። በረንዳው ላይ ስንደርስ አማቴ ነጯን ሰንጢ ሲንጀሩ ላይ አስቀመጡለት። «ይህችን አንተ ያዛት፤ ስፌት ትፈታባታለህ» አሉት። ባሌ የተጠቀለለውን ጣቴን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰጠኸኝን መንቀፍ አፈርኩ።»

ጥቁሯን ሰንጢ ከእጄ ወስዶ ሊከፍታት ሞከረ፤ አልቻለም። እንደገና ሞከረ፤ አልቻለም። እኔ በአንድ ጥፍር ከፈትኩለት። በዚያን ጊዜ ሳቁ መጣ፤ የባሌን ሳቅ ማምጣት ቀላል አይደለም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሰንጢዋን ለካት፤ ከወፍራም ካኪ ቆርጦ ቀሚሴ ጎን ላይ በድርብ ስፌት ኪስ ሰፋልኝ። ነጯ ሰንጢ ደግሞ በእሱ እጅ ውብ ሆነች፤ ስፌት ለመፍታት እንደተሠራች ነው የምትመስለው።

ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ አካሄዴ ሳይቀር ተለውጦ ነበር ይሉኛል። ይሆናል። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ባለፈረሱ ሽማግሌ ከበቆጂ መጡና ሰንጢዋን አሳዪኝ አሉ። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሳለፉ።

«ለእኔም ምረጪልኝ» አሉኝ።

«የእርስዎን እጅ እኔ አላውቅም» አልኳቸው። «አብረን ሄደን ራስዎ ይሞክሩ።»

ሄድን። ለእሳቸው ይሆናል ብዬ ያሰብኳትን አልወሰዱም፤ ሰፋ ያለች፣ የእንጨት እጀታ ያላት፣ እኔ ብሆን የማልነካትን መረጡ። ግን ልክ ነበሩ፤ በዚያ ሰፊ መዳፋቸው ውስጥ ስትገባ አየኋት። በኋላ በቆጂ ውስጥ ለጠየቃቸው ሁሉ «እህል ነጋዴዋ ናት የመረጠችልኝ» እያሉ ያወሩ ጀመር። ከዚያማ ሰዉ ሰንጢ ምረጪልን እያለ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር፤ ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ አንዳንዴም ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ለራሳቸው የሚፈልጉ ሴቶች።

ሽማግሌው ራሳቸው እንደመረጡ ለማንም አልተናገሩም። እኔም አላስተባበልኩም።