ታብሌቱ «እንዴት አደሩ?» ሲል

ዛሬ ጠዋት አያ ሙላት ሳል አላስቆም ብሏቸው ግድግዳ ተደግፈው፣ ታብሌቱ ላይ «ደህና ነኝ» የሚለውን ተጫኑ!

እዚሁ ጎንደር፣ የሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ነርስ ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ በሩ ላይ ያለው ታብሌት የሚገባውን ሠራተኛ ሁሉ «እንዴት አደሩ?» ይላል። «አመመኝ» ያለ ካለ መልእክቱ በስልኬ ይደርሰኛል።

እስከ ዛሬ አንድም አልደረሰኝም። አለቃዬማ በጤናችን መኩራራት ጀምሮ ነበር።

«ምነው አያ፣ እንዲህ እየሳሉ ደህና ነኝ ይላሉ?» አልኳቸው።

«እንዴት አደርህ ላለ ሰው በጠዋት ሕመም ይዘረዘርለታል እንዴ? ነውር ነው!»

«ሰው አይደለም እኮ፣ ማሽን ነው።»

«ቢሆንስ? ከጠየቀ መልሱ እግዜር ይመስገን ነው።»

የኮምፒውተር ባለሙያውን ለምኜ ጥያቄውን አስቀየርኩት፦ «ሳል አለብዎት? ወገብዎን ያምዎታል?»

አያ ሙላት እንደገና ሞከሩ። መዋሸት ደግሞ ኃጢአት ነውና «አዎ» አሉ። ከምሳ በፊት ሐኪም አያቸው፤ ከሚሠሩበት አቧራማ ክፍልም ወደ ሌላ ተዛወሩ። ስልኬ ግን እስካሁን መጮኹን አላቆመም፤ ለካ ፋብሪካው በሙሉ ታሟል።

መጨረሻ ላይ እኔም ተጫንኩ። ወገብ? አዎ። ሁለት ወር ሙሉ ነርሷም «ደህና» ስትል ነበር።

እናንተስ፣ ዛሬ «ደህና ነኝ» ያላችሁት ምኑን ደብቃችሁ ነው?