የሰም ኩክ ማውጫ

ጋሸና መገንጠያው ላይ ምሳ እየበላሁ ያዙኝ። እጄን እንድታጠብ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ስልኬንና የጫማዬን ማሰሪያ ወስደው በፒካፕ ጫኑኝና ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወዳለ የእህል መጋዘን አደረሱኝ። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮው በአሮጌ የምስማር ቀዳዳ ተበሳስቶ ስለነበር ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ እየገባ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ቤቱ ገብስ ገብስ ይሸታል። በሩ የድሮ የእንጨት በር ነው፤ ቁልፉ እንደ ጣት የሚረዝም፣ ባለ አንገት፣ ጠባቂው ወገቡ ላይ አንጠልጥሎት የሚዞር።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም የመጡ ሽማግሌ መርጌታ ናቸው። ሌላው በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሙስሊም የብር አንጥረኛ ነው፤ ለላሊበላ እንግዶች መስቀል እየሠራ ይኖር ነበር። ለምን እንደታሰሩ ጠየቅኋቸው። አልተነገራቸውም። ለእኔም አልተነገረኝም። የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ በመኪና የተጫነ ሰው አይመለስም፣ ወዴት እንደሚወሰድም የሚያውቅ የለም።

አንጥረኛው ቀኑን ሙሉ ወለሉን ያያል። ብርሃኑ ሲዞር እሱም አብሮ ይዞራል። መጀመሪያ የጸሎት ሰዓት የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ስጠይቀው ቅርጽ እየፈለገ መሆኑን ነገረኝ። ለዓመታት እንግዶች የሚወዱትን ያንኑ መስቀል ሲደጋግም የሚሠራው እጁ ብቻ ነበር፤ አዲስ ነገር ካሰበ ቆይቷል። እዚያ ወለል ላይ ነጠብጣቦቹ ሲሰበሰቡና ሲበታተኑ እያየ ግን አንድ ጌጥ መጣለት። ኩክ ማውጫ ነው፤ የአገራችን ሴቶች ከአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት፣ ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የጎደጎደ፣ እጀታው ያጌጠ ብር። እጀታው አናት ላይ ጥቃቅን ጠብታዎች ሊደረድርበት አሰበ፤ እንደ ከሰዓት ብርሃን ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ።

"እጄ ካላየው ወላሂ አላምነውም" አለኝ። "ዛሬ ካልሠራሁት ይጠፋብኛል።"

ብሩ ከመፍሰሱ በፊት ቅርጹ በሰም ይሠራል። ሰም ደግሞ መርጌታ ዘንድ ነበር፤ ለጸሎት የተፈቀደላቸው የጧፍ ቁራጭ። ሳይጠየቁ አውጥተው ሰጡት። ብርዱ ሰሙን ስለሚያደርቀው አንጥረኛው ብብቱ ሥር ከተተው።

"የቤተ ክርስቲያን ጧፍ በሙስሊም ብብት ሲሞቅ ለማየት በቃሁ" አሉ መርጌታ። "ንስሐውን አንተው ትገባልኛለህ።"

"እርስዎ ብቻ ዱዓ ያድርጉልኝ፤ ንስሐውን እንካፈላለን" አላቸው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ሳይታሰብ ተከፈተ። ፍተሻ ነበር፤ ጠባቂው ከኃላፊው ጋር ገባ። ውጭ የጭነት መኪና ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሟል። ጠባቂው ሰሙን ከአንጥረኛው እጅጌ ውስጥ አወጣው። ገና አላለቀም፤ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ አናቱ ላይ ክብ፣ ጫፉ ድብልብል። ጠባቂው ሰሙን አየ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ፣ ሁለቱንም ለኃላፊው አቀበለ።

ኃላፊው መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ቁመታቸው እኩል ለመሆን ምንም አልቀረውም።

አንጥረኛው ጌጥ መሆኑን ተናገረ። ኃላፊው ሰሙን ማን እንዳስገባው ጠየቀ። መርጌታ ማንም ሳይቀድማቸው "የእኔ ነው" አሉ። ኃላፊው እሳቸውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ፣ ጋዜጠኛ ነኝ ባዩ። ሥራህ ማየት አይደል? ምን ሲሠራ አየህ?"

ስለ ሰውየው ደግነት፣ ስለ ልጆቹ ልጨምር እችል ነበር። ግን የተጠየቅሁት ያየሁትን ነው።

"ኩክ ማውጫ ሲሠራ አየሁ። ቁልፉን ሲነካ አላየሁም።"

"እስረኛ ኩክ ማውጫ ምን ያደርግለታል?"

መልስ ሳይጠብቅ ኃላፊው አንጥረኛውን በአገጩ ወደ መኪናው አመለከተው።

"አላለቀም እኮ ጌታው" አለ አንጥረኛው፤ ድምፁን አላነሳም። "ልጨርሰው። አልቆም ቁልፍ ከመሰለዎት ያን ጊዜ ይጫኑኝ።"

ኃላፊው ጥቂት አሰበና ሰሙን ወረወረለት።

ሰሙ ደርቆ ነበር። አንጥረኛው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደገና ብብቱ ሥር ከተተው። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ ኃላፊው፣ ጠባቂው፣ ሞተሩን ያላጠፋው ሹፌር። በመጨረሻ አወጣውና በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫፉን ጎደጎደው። በዚያች ቅጽበት ቁልፍ መምሰሉ ቀረ። "እናቴም አለቻት" ብሎ ጠባቂው ለራሱ አጉረመረመ። እኔ በልቤ በቃህ፣ አሳየውና ተነሣ አልሁ። እሱ አልተነሣም። ከተረፈው ሰም እንደ ጤፍ ፍሬ እየቆነጠረ፣ እያድቦለቦለ፣ አናቱ ላይ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ደረደረ። የመጨረሻዋ ጠማማ ገባች። ነቅሎ መልሶ ተከላት። ከዚያ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ደህና አድርጎ አየውና ለኃላፊው ዘረጋለት።

ኃላፊው አገላብጦ አየው።

"አፍርሰው" አለና መለሰለት።

አንጥረኛው ሳይቸኩል ጨፈለቀው። አድቦለበለውና በሁለት እጁ ለመርጌታ አቀረበላቸው። "ጧፍዎን፣ መርጌታ።" መርጌታ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ተቀበሉት። የነጠቃቸው የለም። በሩ ተቆለፈ፤ መኪናውም ከእኛ ክፍል ማንንም ሳይጭን ሄደ።

ኃላፊው አምኖ ይሁን ሰልችቶት አላውቅም። ሦስታችንም በየተራ ተፈታን፤ ምክንያቱ ያኔም አልተነገረንም።

በቅርቡ ለሥራ ወደ ላሊበላ ስሄድ አንጥረኛው ሱቅ ጎራ አልሁ። ጠረጴዛው ላይ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው የጆሮና የአንገት ጌጦች ተደርድረዋል። ያችን ኩክ ማውጫ ግን አላየኋትም። ለምን በብር እንዳላወጣት ጠየቅሁት።

ሞረዱን ከእጁ ሳያስቀምጥ "እሷማ እዚያው አልቃለች" አለኝ።

ጋዜጠኛ ነኝና ደግሜ ጠየቅሁት። መልሱን አልለወጠም።