ልጃቸው የቀባው ክፍል

የሥራ ጓደኞቹ «ፍሬኖ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ፣ በቁልቁለት ብቻ ሳይሆን በኑሮም እግሩን ከፍሬን አያነሳም ብለው ያወጡለት ስም ነው። ያደረበት አልቤርጎ ለቁጥር ይታክታል። ፍራሹ መሃሉ የጎደጎደ፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ የሚያድር ሁሉ ቤቱ ነበር። «እንቅልፍ እንደሆነ የትም ያው ነው» ይላል። ሚስቱን ግን አንድም ቀን ይዟት ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ልጃቸውን ሹፌር ሊያደርገው ቋምጦ ነበር። ልጁ ቀለም ቀቢ ሆነ።

«ግድግዳ ሲልሱ መዋል ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?» አለው ፍሬኖ።

ልጁ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል የሚያወራው ከእናቱ ጋር ብቻ ነው። «እማዬ፣ አንድ ሆቴል እየቀባን ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል መልክ ለየቅል ነው። ሲያልቅ አንቺንና አባዬን አሳድራችኋለሁ» ይላታል። እሷ ይህን ስትነግረው ፍሬኖ «እህ» ብሎ ይወጣል።

ሆቴሉ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ልጁን የሳንባ ምች ነጠቃቸው። ከቀብሩ በኋላ ባልና ሚስቱ ልብሱንና ዕቃውን ሊሰበስቡ ከተማ ገቡ። የኪራይ ክፍሉን ባዶ አድርገው ሲወጡ ቀኑ ዘንበል ብሎ ነበር። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጁን በደንብ የምታውቅ ሴት፣ ደወለችላቸው። «እባካችሁ ዛሬ እኛ ጋ እደሩ፤ እሱ የቀባውን ክፍል አዘጋጅተንላችኋል።»

«አውቶቡስ ተራው አጠገብ የማውቀው አልቤርጎ አለ፤ እዚያ እንደር» አለ ፍሬኖ።

«ልጄ አሳድርሻለሁ ያለኝ ቤት እያለ?»

«ሐዘንተኛ ባጌጠ ቤት አያድርም። ሰው ምን ይላል?»

«እዚህ ማን ያውቀናል? ሰውን ተወውና የሆድህን ንገረኝ።»

ፍሬኖ ወደ አውቶቡስ ተራው መንገድ ጀመረ። እሷም በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ የልጇን ሻንጣ አንስታ ብቻዋን ሄደች።

ፍሬኖ በለመደው ዓይነት አልጋ ተኛ፤ እንቅልፍ ግን ባጠገቡም አላለፈ። ገና ሲነጋ ሆቴሉ በር ላይ ተገተረ። ሥራ አስኪያጇ «ይግቡ አባባ» ብላ ራሷ እስከ ክፍሉ አደረሰችው።

ሚስቱ አልጋውን አልነካችውም፤ አንሶላው እንደተወጠረ ነው። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ግድግዳው ከታች ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይጀምርና እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጣሪያው ጋ የንጋት ሰማይ ይሆናል። ቀለሙ የቱ ጋ እንደተለወጠ አይታወቅም። ፍሬኖ ስንቱን ንጋት ከመሪው ኋላ ሆኖ አይቷል፤ ልክ እንዲህ ነው።

«ይሄን እሱ ነው የቀባው?»

«እሱ ነው። አልጥም እያለው ደጋግሞ ፍቆ ቀባው አሉ።»

ቀለሙ ውስጥ አንዲት የብሩሽ ፀጉር ደርቃ ቀርታለች። በጥፍሩ ሊያነሳት ሲል «እንዳትነካት!» ብላ ጮኸችበት። እጁን ሰበሰበ። ቆይቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈና፣ በቀብሩ ቀን እንቢ ያለው ለቅሶ ፈነቀለው።

«አንድ ቀን እንኳ ጎሽ ሳልለው…»

ሚስቱ አላባበለችውም። «በደወለ ቁጥር ‹አባዬስ ምን አለ?› ይለኝ ነበር» አለችው።

«ምን ትይው ነበር?»

«ደስ ብሎታል እለው ነበር።»

የዚያኑ ቀን በአውቶቡስ ተመለሱ። ሚስቱ ሻንጣውን ከላይ እንስቀለው ብትለው አሻፈረኝ አለ። ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ጭኑ ላይ እንዳቀፈው ነበር።