ሀሳብ አዋቂው

ሀሳብ አዋቂው ወደ ከተማችን ወደ ሞጣ የመጣው በጃንሆይ ዘመን ነው። አዲስ አበባ መድረክ ላይ የሰው ሀሳብ እያወቀ ያሳያል፣ በቴሌቪዥንም ይወጣል አሉን፤ እኛ ቴሌቪዥኑንም አይተን አናውቅ። የኮቱ ክርን ሳስቷል፣ ጫማው ግን ያብረቀርቃል። አንዱ የሸሸገውን መርፌ፣ የሸሻጊውን እጅ ብቻ ይዞ ሄዶ ከመሪጌታ ወልደ ኪዳን ጥምጥም ውስጥ ሲያወጣው፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሀብትነሽ ሠራተኛቸውን ፈንታነሽን እየጎተቱ ወጡ። ሌባ የሚጠቁም ሌባሻይ መስሏቸዋል።

«ጌታው፣ የብር ድሪዬን የወሰደች ይቺ ናት አይደል? አዎ ይበሉኝና ላሳስራት።»

ሰውየው የልጅቱን እጅ ያዘ። የኮቱ እጅጌ ሲሰበሰብ በራሱ አንጓ ላይ በገመድ የታሰረበት የቆየ ጠባሳ አየሁ።

«እመቤቴ፣ የኔ ሥራ ጨዋታ ነው» አላቸው። «መርፌው ጋ ስቀርብ የሸሻጊው እጅ ሳያውቀው ይነግረኛል፤ በቃ ይኸው ነው። የዚች እጅ የሚነግረኝ መፍራቷን ብቻ ነው።»

እንጀራውን የሚበላበትን ምስጢር በገዛ አፉ ማፍረሱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። «ይኸንማ እኔም አላጣው» እያለ ሰዉ እየሳቀ ወጣ፤ ወይዘሮ ሀብትነሽም አፍረው ተከተሉ። እኔ ከበሩ ላይ ዞር ብዬ ሳይ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ የፈንታነሽን እጅ እንደያዘ ቆሞ፣ መንቀጥቀጡ እስኪተዋት ይጠብቃል።