እትዬ ቀለም የነከረችው እጅ

እትዬ ቀለም የሚለውን ስም ያወጣላት የሰፈሩ ሰው ነው። ሥራዋ የነጣ ልብስ መንከር ነው። ፀሐይ የበላው ኮት፣ በእጥበት ብዛት ቀለሙ የሸሸ ሱሪ፣ አንገቱ የገረጣ ሹራብ፣ ምን አለፋችሁ፣ ሰው አለቀለት ብሎ ተስፋ የቆረጠበት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ከቤቷ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ሁለት በርሜሎች እሳት ላይ ይንተከተካሉ፤ እሷ በረጅም ዱላ ታማስላለች። ልብሱን አገላብጣ፣ ብብቱ ስር ፀሐይ ያላገኘውን ቦታ ገልጣ፣ "ይሄ እኮ ሲወለድ ቡናማ ነበር" ትላለች። ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ የገዛ ኮቱን አያውቀውም።

እጇ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። አንድ ሰሞን ሰማያዊ፣ አንድ ሰሞን ወይን ጠጅ ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት እጇን አይቶ፣ "ትናንት አረንጓዴ ሚስት ነበረችኝ፣ እሷን የት አደረግሻት?" እያለ ይቀልዳል።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ብታይ ምን ትላለች? ቀለም ነው አለች። በድንጋይ ፈገፈገችው፤ አልለቅ አለ። "ጥሩ ቀለም ነው ማለት ነው" ብላ ተወችው። ነጥቡ ግን ሰፋ፣ ጠርዙ ተዘበራረቀ፣ ኋላም ቆሰለ። ሆስፒታል ስትሄድ ስሙን ነገሯት፤ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው። ቆርጠው አወጡላት። እሷም እያነከሰች ወደ በርሜሎቿ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ብሽሽቷ ላይ እብጠት ወጣ። ስካን ስትነሣ ደግሞ ሳንባዋ ላይ የተበተኑ ነጥቦች ታዩ። አሁን በቢላዋ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው አዲስ ሕክምና ወደምታጠና ዶክተር የላኳት። ዶክተሯ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ስትናገር እጇ አያርፍም፣ ሥራዋን ስታወራ ደግሞ ከወንበሯ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

"ሰውነትዎ የራሱ ዘበኛ አለው" አለቻት። "ጉንፋን ሲመጣ የሚያባርረው እሱ ነው። ካንሰሩ ግን ተንኮለኛ ነው፤ የዘበኛውን ፍሬን ይረግጥበታል። ዘበኛው ሌባውን እያየ ቆሞ ይቀራል።"

ፍሬን የሚለውን ቃል ሲሰማ ባሏ ከተደገፈበት ቀና አለ። "ታዲያ ፍሬኑን መልቀቅ ነዋ።"

"ልክ ብለዋል አባባ። ይህ መድኃኒት ካንሰሩን ራሱን አይመታውም፤ ፍሬኑን ነው የሚለቅቀው። የቀረው የዘበኛው ሥራ ነው። አንዱን መድኃኒት ከዚህ በፊትም እንሰጥ ነበር። አሁን ሌላ ብንጨምርበት ይበልጥ ይሠራ እንደሆነ ነው የምናጠናው። ይሠራል ብዬ አልምልም። እየፈለግን ነው።"

"እኔ ፍሬን የሌለው መኪና ነድቻለሁ" አለ ባሏ። "ዳገት ላይ አይከፋም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሰው አጥር ውስጥ ገባሁ።"

ዶክተሯ ሳቀች። "እኛም የምንጠነቀቀው ለእሱ ነው። ዘበኛው ሲለቀቅ ጤነኛውንም አካል ሊነካ ይችላል። ተቅማጥ ይሁን፣ ሳል ይሁን፣ ሽፍታ ይሁን፣ ትንሽ ነው ሳይሉ ይንገሩን። ደግሞ ለሥራዎ ከሚጠቀሙበት በረኪናና ቀለም ይራቁ። ቆዳዎ ላይ አንድ ነገር ቢወጣ ከመድኃኒቱ ይሁን ከበርሜሉ እንድንለይ።"

እትዬ ቀለም ሁሉንም እሺ አለች። እሳቱን አጠፋች፣ በርሜሎቹን ገለበጠች፣ የቆርቆሮውን በር ቆለፈች። መድኃኒቱን በየሦስት ሳምንቱ በክንዷ በኩል ጠብ እያለ ይሰጧት ጀመር። ከሆስፒታሉ ሰፊ መስኮት ስር ተቀምጣ ጠብታውን ስታይ፣ "በል እንግዲህ ተነሣ፣ ሌባው እዚያ ጋ ነው" እያለች ዘበኛዋን በልቧ ትቀሰቅሰዋለች። ውላ አድራ እብጠቷን በጣቷ ስትዳስሰው ያነሰ መሰላት። ለማንም አልተናገረችም። ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምትዳስሰው እሱን ሆነ፤ ልቧ እንደ ትንሽ ልጅ ልብ ይዘላል።

ችግሩ እጇ ሥራ መፍታት አለመቻሉ ነው። ከማዶ ያለው የጥርስ ሐኪም ፀሐይ ያቃጠላቸውን መጋረጃዎች ይዞ መጣና ለመናት። አዲስ ቀለም እንዲይዝ አሮጌው መጀመሪያ በበረኪና መውጣት አለበት። ባሏ ገበያ በሄደበት ከሰዓት በኋላ በሩን ከፈተችና ሠራችው። ጓንት አላደረገችም፤ በጓንት ጨርቅ አይሰማም ትላለች። መጋረጃው ግሩም ሆኖ ወጣ። በሩንም መልሳ ቆለፈች።

ጥቂት ቆይቶ እጇ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። መጀመሪያ የስንዴ ፍሬ ያህል ነበር፤ በየዕለቱ እየሰፋ እስከ ጣቶቿ ወረደ። በረኪናው ነው አለች። እዚያው መስኮት ስር አጠገቧ ይቀመጥ የነበረ አንድ ሰው ሌላ መድኃኒት ደብቆ ሲወስድ ተገኝቶ ከጥናቱ መውጣቱን ሰምታለች። እሷም የከለከሏትን ነክታለች። ይህን እጅ ካዩ ማባረራቸው አይቀርም። እብጠቱ ደግሞ እያነሰ ነው። አሁን ትባረር? ዘበኛው ገና መንቃቱ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚያደርግ እንጃ። እትዬ ቀለም ግን የነጣ ነገር ስታይ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡናማ ወሰደች፣ ቀይ ጨመረች፣ ጫፍ ያህል ቢጫ አከለች፣ ክንዷ ላይ እያመሳከረች በጠበጠች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ቀለም ስትፈልግ የራሷን ፈልጋ አታውቅም ነበር። ደግሞም አገኘችው። ውኃ እንዳይወስደው ጨውና ኮምጣጤ ጨምራ እጇን ነከረች።

ያን ቀንም ባሏ ገበያ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ እጇን ሳህን ውስጥ ዘፍዝፋ አገኛት።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እጄን እየነከርኩ።"

ዘንቢሉን አስቀመጠና አያት። "እኔን መቼ ነው የምትነክሪኝ? ፀጉሬ ከነጣ ቆየ እኮ።"

ሁሉንም ነገረችው። ተቆጣት፤ ኋላ ግን እብጠቱን በገዛ ጣቱ ዳሰሰው። እሱም እንድትባረር አልፈለገም። ሳህኑን ራሱ ወስዶ ደፋው።

ቀጥሎ የግራ ቅንድቧ ነጣ። ይህን ደግሞ ፀጉር ቤት ያላት ታናሽ እህቷ ቀባችላት።

"እትዬ፣ መጋረጃውን በቅንድብሽ ነው እንዴ ያጠብሽው?"

"ተረጭቶ ይሆናል።"

"ተረጭቶ ነው አንዱን ቅንድብ መርጦ የሚያነጣው? እንዲህ ያለ በረኪና ካለሽ ለፀጉር ቤቱ አምጪልኝ፤ ያለ ብሩሽ ይሠራል።"

"አንቺ ቀቢ እንጂ አትመራመሪ" አለቻት።

የስካኑ ውጤት የሚነገርበት ቀን ደረሰ። ባልና ሚስት ልብሳቸውን ለብሰው ከተቀመጡ በኋላ ነው ጎህ የቀደደው። አውቶቡስ ውስጥ ባሏ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር በገዛ እግሩ አብሮ ይረግጥ ነበር፤ ሲጨነቅ እንዲህ ነው። እሷ እጇን ታያለች። የተዋጣለት ሥራ ነበር። ማንም አይለየውም።

ነርሷ ደም ልትወስድ መጣች። ጎማውን ክንዷ ላይ አሰረችና የእጇን ጀርባ በአልኮል ጥጥ ጠረገች። እትዬ ቀለም ስለ ውኃ አስባ ነበር። ስለ አልኮል አላሰበችም። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ተነሣ።

ነርሷ ጥጡን አየች፣ እጁን አየች። "እናቴ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

ሌላ ጥጥ አነሣች። እሱም ቡናማ ሆነ። ከስሩ እንደ ወረቀት የነጣ ቆዳ ብቅ አለ። ባሏ ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ሽቅብ ማየት ጀመረ።

"ሲስተር፣ እባክሽ ዝም በይኝ" አለች እትዬ ቀለም።

"ዝምማ አልልም። ዶክተሯን ልጥራ።"

ዶክተሯ ስትመጣ እትዬ ቀለም ጥያቄ አልጠበቀችም። መጋረጃውን፣ በረኪናውን፣ ሳህኑን፣ ቅንድቡን ሳይቀር አንድ በአንድ አወጣችው። ስትጨርስ ቦርሳዋን አነሣችና ቆመች።

"ወዴት ነው?"

"ያው አባረርሽኝ አይደል?"

ዶክተሯ ቀኝ እጇን ያዘች፣ ከዚያ ግራውን ጠየቀች። ራሷ ጥጥ አንሥታ ጠረገችው። ግራውም ነጭ ነበር፤ ልክ በዚያው ቦታ፣ ልክ በዚያው መጠን። "ጉልበትዎን ያሳዩኝ" አለች። ድምፅዋ ተቀይሯል። ቀሚሷን ገለብ ብታደርግ ጉልበቷም ላይ ጀምሯል። ይህን እትዬ ቀለምም አላየችውም ነበር። ዶክተሯ መስኮቱን አስዘጋችና አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መብራት አበራች። በጨለማው ውስጥ የነጡት ቦታዎች ብቻቸውን ቦግ አሉ።

"ጉልበትዎን በረኪና ነክቶታል?"

"ኧረ የለም።"

"እንግዲያስ በረኪና አይደለም።" ዶክተሯ በርጩማ ስባ ከፊቷ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷ ከጫፉ ላይ። "እግርሽ ላይ የወጣው... ይቅርታ፣ ተጣደፍኩ። እግርዎ ላይ የወጣው ካንሰር ከየት እንደሚነሣ ልንገርዎት። ቆዳችን ውስጥ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ።"

"የሚስቴ የሥራ ባልደረቦች" አለ ባሏ።

"እንደዚያ ይበሏቸው። ከእነሱ አንዱ ነው ያበደው። ዘበኛው ሲለቀቅ ያበደውን ያሳድዳል። ግን ጤነኞቹም መልካቸው ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፤ እነሱንም ይመታቸዋል። ቆዳው የሚነጣው ያን ጊዜ ነው።"

እትዬ ቀለም ቦርሳዋን እንዳቀፈች ነበር። "ነቅቷል ነው የምትዪኝ?"

"መንቃቱንማ ነቅቷል። እንዲህ ከሚነጡት ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒቱ የሚሠራላቸው ናቸው። ሁሉም አይደሉም። ስካኑን ሳናይ አንደሰት። እዚሁ ጠብቁኝ።"

አንደሰት ያለችው ራሷ ኮሪደሩ ላይ ስትሮጥ የጫማዋ ድምፅ ይሰማ ነበር።

የጠበቁት ምን ያህል እንደሆነ እንጃ። ባሏ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ነርሷ የጠቆሩትን ጥጦች ሰብስባ፣ "እኔ እኮ ገላዎን ያልታጠቡ መስሎኝ አፍሬልዎት ነበር" አለች፤ ሦስቱም ሳቁ።

ዶክተሯ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ተመለሰች፤ ከኋላዋ ሁለት ሐኪሞች ተከትለዋታል። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አደረገች። "ይሄ የበፊቱ ነው፤ ይሄ የአሁኑ።"

እትዬ ቀለም ሕክምና አታውቅም፤ በፊትና አሁን ማስተያየት ግን የኖረችበት ነው። በግራው ምስል የኮት ቁልፍ የሚያህለው ነጥብ በቀኙ የምስር ፍሬ አክሏል። ከጎኑ የነበሩትን ፈለገቻቸው። "እነዚህስ የት ሄዱ?"

"አይታዩም።"

"ጠፉ?"

"ጠፉ ለማለት ገና ነው። መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ ስካኑም ይቀጥላል። ግን አዎ፣ አይታዩም። የብሽሽትዎም ከግማሽ በታች ሆኗል።"

ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከኋላ የቆመው ሽማግሌ ሐኪም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እትዬ ቀለም የዶክተሯን እጅ ያዘች፤ ነጩ እጇ በጠይሙ ላይ አረፈ። "ልጄ፣ እንግዲህ አልባረርም?"

"አይባረሩም። ግን ይስሙኝ" አለች ዶክተሯ፤ አሁን አልሳቀችም። "ይሄ ቀለም ሆኖ ነው የተረፍነው። የደበቁኝ ተቅማጥ ቢሆን ኖሮ አንጀትዎ ላይ ጉዳት በደረሰ። ሁለተኛ እንዳይነክሩብኝ።"

"አልነክርም።"

"የኔም እጅ አለበት" አለ ባሏ ከግድግዳው ሳይዞር። "ሳህኑን የደፋሁት እኔ ነኝ።"

ቤት ሲደርሱ እህቷ ደጅ ላይ ቆማለች፤ በትንሽ ጎድጓዳ የቅንድብ ቀለም በጥብጣ ይዛለች። "እትዬ፣ ነይ ቶሎ፣ ሳይደርቅብኝ" አለች። ከዚያ ፊታቸውን አየችና ጎድጓዳውን አስቀመጠች። "ምን አሏችሁ?"

"ቅንድቤን አትንኪው" አለች እትዬ ቀለም። "በረኪና አይደለም። እንዳልሽው ነው፤ መርጦ ነው የሚያነጣው።"

ባሏ የመንዳት ትምህርት የሚሰጥ ይመስል ስለ ፍሬኑና ስለ ዘበኛው ለእህቷ ማስረዳት ጀመረ፤ እያለቀሰ ስለነበር ግን ምንም አልገባትም። እትዬ ቀለም ቧንቧውን ከፍታ በጣቶቿ መካከል የቀረውን ቡናማ በሳሙና አጠበች። ከዚያ ጨርቅ እንደምታየው እጇን ወደ ብርሃኑ አነሣችና ጠርዙን መረመረች።

"ነይ እዪው" አለች እህቷን። "እዚህ ጋ ደግሞ የራሴው ቀለም መልቀቅ ጀምሯል።"