ከወንበሩ ያልተነሳው አባት

እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ እንደ ፈቃዱ ጸጋን ያድላል፤ ለእኒህ አዛውንት ያደላቸው ጸጋ ትዕግሥት ነበር። መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ገጹ የረገፈ መጽሐፍ ሲመጣላቸው እጥፉን ከእጥፉ ጋር በክር ይሰፉታል፣ ጀርባውን ሙጫ ይቀቡታል፣ በመጭመቂያው ያስሩታል፤ ከዚያም እስኪደርቅ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አጠገቡ ይቀመጣሉ። የቸኮለ ደንበኛ «አባባ ጠራዥ፣ አልደረሰም እንዴ?» ቢላቸው «ሙጫው ሲፈቅድ ይደርሳል» ይሉታል እንጂ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ከምግባር ሁሉ የሚበልጠው መጠበቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚያው እምነት አረጁ፤ በዚያው እምነትም ብቻቸውን ቀሩ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ካሏቸው ሁለት ወንበሮች በአንዱ ይቀመጣሉ፤ በሌላው ላይ ያልተጠረዘ መጽሐፍ ይከምራሉ። አንድ ልጅ አላቸው፤ በዚያው ከተማ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር። እናቱ ባረፈች ጊዜ ሩቅ መንገድ ላይ ነበርና የደረሰው በቀብሩ ማግስት ነው። አባት ለቅሶ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «አሁን መጣህ?» አሉት። ልጁ በሩ ላይ ጥቂት ቆሞ ወጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃቸውን አልረገጠም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቱ የታጠበ ልብሳቸውን ይዛ ብቅ ትላለች፤ ስለ እሱ ግን ሁለቱም ሳያነሱ ይለያያሉ።

ዕድሜ ልካቸውን የሌላውን ጽሑፍ ሲጠርዙ የኖሩት ሰው አንድ ጊዜ የራሳቸውን ጻፉ። በታሪኩ ውስጥ ልጃቸው የኮበለለባቸው አንድ ሽማግሌ በየማታው ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው መንገዱን ያያሉ። ልጁ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ እግራቸው ላይ ይወድቃል፤ እሳቸውም ከተቀመጡበት እጃቸውን ጭነው ይቅር ይሉታል። የአጥቢያው መጽሔት ይህን አጭር ታሪክ አወጣው። ብዙዎች አነበቡት፤ ጠራዡ የፈለጉት አንባቢ ግን አንድ ብቻ ነበር። ያቺን ስስ መጽሔት እንደ ትልቅ መጽሐፍ በጠንካራ ሽፋን ጠርዘው ለምራታቸው ሰጧት።

«ለባልሽ ነው። ያንብበውና የመሰለውን ይበል» አሏት።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ልማዱ የመጽሔቱ አንባቢዎች በአጥቢያው አዳራሽ ተሰብስበው ስለ ታሪኩ አስተያየታቸውን ሰጡ።

«የአባትየው ትዕግሥት አስለቀሰኝ» አለች ጧፍ ሻጯ።

ጡረታ የወጡት አስተማሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብሆን ያንን ልጅ ትንሽ ደጅ አስጠናው ነበር። ቶሎ ማሩት።»

«እርስዎ ያኔ በቅጣት ያቆሙት ተማሪ እስከ ዛሬ አልተቀመጠም ይባላል» አሉ ቄሱ። አዳራሹ ሳቀ። ቀጥለውም ታሪኩ በየቤቱ ለልጆች ሊነበብ የሚገባው ነው ብለው ጸሐፊውን መረቁ።

ጠራዡ እጅ ነሥተው አመሰገኑ። ምስጋናው ግን በስሕተት የደረሳቸው የሌላ ሰው ዕቃ መሰላቸው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምራታቸው መጣች።

«አነበበው?»

«አነበበው፣ አባባ። ደግሞም አነበበው።»

«ታዲያ ምን አለ?»

የታጠፈውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «ቀልዱን ነው እንጂ። ያውቁት የለ?»

«ቀልዱንም ቢሆን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«‹ሰውየው ወንበራቸው ላይ ሙጫ ፈሶባቸው ነው?› አለ።» ዐይኗን ከሸሚዙ አላነሳችም። «‹ልጁ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲመጣ እሳቸው እንዴት ብድግ ማለት አቃታቸው?› አለ።»

«ምላሱ በልጅነቱም ስል ነበር» አሉ ጠራዡ፤ ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም።

እሷ ስትሄድ ሥራ ጀመሩ፤ አንድ መጽሐፍ ሙጫ ቀብተው መጭመቂያው ውስጥ አሰሩ፤ እንደ ልማዳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠላቸው። ታሪካቸውን የቀዱት ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ከሚያውቁት፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ለስንት ልጅ ካስተማሩት ከጠፋው ልጅ ምሳሌ ነበር። በዚያ ምሳሌ ያለው አባት ግን ልጁን ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጧል። እሳቸው የልጁን መኮብለል ጽፈዋል፣ ረኃቡን ጽፈዋል፣ መመለሱን ጽፈዋል፤ የአባቱን ሩጫ ግን ዘለሉት። አዳራሹ ሙሉ ሰው አንብቦ ማንም ልብ አላለም። ልብ ያለው በሩ ላይ ቆሞ የቀረው ልጅ ብቻ ነው።

ሙጫው ሳይደርቅ ተነሡ። በሩን ቆልፈው ልጃቸው ወደሚሠራበት የጭነት መኪኖች ግቢ ሄዱ።

ልጁ ለጉዞ ሊነሳ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ ይፈትሽ ነበር። አባቱን ከሩቅ ሲያይ መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ሮጡ ማለት አይቻልም፤ ጉልበታቸው አልታዘዘም፤ ግን በመኪኖቹ መካከል እየተንገዳገዱ እንደ ምንም ፈጠኑ።

«ቀስ ይበሉ፣ ዘይት ፈሷል፣ ይወድቃሉ» አለ ልጁ።

አጠገቡ ደርሰው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። «አሁን መጣሁ» አሉ።

ልጁ መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። «እጄ ዘይት ነው» አለ በመጨረሻ።

«የእኔም ሙጫ ነው» አሉ፤ እንዲያው እንዳለ ያዙት።

ብዙ አልተነጋገሩም፤ ጭነቱ ይጠበቅ ነበር። መኪናው ከግቢው ሲወጣ አባት በአቧራው ውስጥ ቆመው አዩት። ይመለስ እንደ ሆነ አልጠየቁትም። ወደዚያች ጸጥ ያለች ክፍል ገብተው፣ ማንም አጠገቡ ሳይጠብቀው የደረቀውን መጽሐፍ ትተው፣ ከሁለተኛው ወንበር ላይ ክምሩን አነሡ።

አምላከ ቅዱሳን ለእኒህ አባት ጉልበታቸውን ያጽናላቸው፤ መንገደኛ ልጃቸውን በሰላም ይመልስላቸው፤ ቤታቸውንም በረከቱ አይለየው። አሜን።